ስማቸውን ተዪው፣ ደብራቸውን ፈልጊ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአያቴ አባት ካህን ነበሩ። አያቴ ስለ እሳቸው ስታወራ አንዳንዴ ‹አለቃ›፣ አንዳንዴ ‹አባ› ትል ነበር። ከቡልጋ መጥተው እንጦጦ ላይ ሲያገለግሉ እንደኖሩ ነው የምናውቀው። አያቴ በአምስት ዓመቷ እናቷ ሞተውባታል። ያሳደጓት አባቷ ናቸው። እሳቸውም ሲያርፉ ገና ልጅ ነበረች። ‹አባቴ ያረፉት በዘመነ ሉቃስ፣ ጽዮን እሑድ የዋለች ለት ነው። ጋዜጣ ላይም ወጥቷል› ትል ነበር። ቁራጩን ጋዜጣ ዳዊቷ ውስጥ አጣጥፋ ታስቀምጠው ነበር። አያቴ በ1985 ዐረፈች። ዳዊቱም ቤት ስንቀይር ጠፋ።

ስማቸውን ከነአባታቸው ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፣ ምንም የለም። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የ1927ን ጋዜጣ ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ ውሎ ባዶ እጁን ወጣ። አጎቴ ደግሞ ‹አትልፉ፣ እሳቸውን ደብረ ሊባኖስ ላይ ጣልያን ነው የገደላቸው› ይላል። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ያንን ቁራጭ ወረቀት አንድ ጊዜ ደግማ ብታየው ብዬ እመኛለሁ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አያትሽ የነገሩሽን ነገር እንደ ቀላል እንዳታዪው። አባታቸው ያረፉበትን ቀን ቁርጥ አድርገው ነግረውሻል። ዓመተ ምሕረቱን አልጠሩልሽም እንጂ ቀኑ እዚያው ውስጥ አለ። የዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ነበር የሚቆጥረው። ወንጌላዊውን ይጠራል፣ በዓሉን ይጠራል፣ ዕለቱን ይጠራል። ሦስቱ ሲገጥሙ ቀኑ ይታወቃል።

እስቲ እናስላው። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር የተማረ ሰው በጣቱ ይሠራዋል። እኛ በወረቀት እንሂድ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምሪያለሽ። ድምሩን ለአራት ታካፍያለሽ። 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ ነው፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 1923ን ውሰጂ። 5500 ሲደመርበት 7423 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል። ሉቃስ ነው። ከዚያ በየአራት ዓመቱ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ነው። 1915፣ 1919፣ 1923፣ 1927፣ 1931፣ 1935 ሁሉም ዘመነ ሉቃስ ናቸው።

አሁን ጽዮንን እናምጣት። ኅዳር 21 ናት። በ1915 ሐሙስ ዋለች። በ1919 ማክሰኞ። በ1923 እሑድ። በ1927 ዓርብ። በ1931 ረቡዕ። በ1935 ሰኞ። ከነዚህ ሁሉ እሑድ የዋለችው አንዴ ብቻ ነው።

ኅዳር 21 ቀን 1923 ዓ.ም.።

ስሌቱን ካላመንሽው ሌላ ማረጋገጫ ልስጥሽ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ እሑድ ለት ነው። ከዚያ ቀን አራት ሳምንት ቁጠሪ። ኅዳር 21 ላይ ትደርሻለሽ። እንግዲህ ቅድመ አያትሽ ያረፉት አዲስ አበባ የዘውዱን በዓል አክብራ ገና ድንኳኑን ባነሳችበት ሰሞን ነው።

የአክስትሽ ልጅ 1927ን ሲመርጥ ዝም ብሎ የገመተ አይመስለኝም። እሱም ዘመነ ሉቃስ ነው። የሳተው ዕለቱን ነው። በአራት ዓመት ተሳስቶ አንድ ሙሉ ቀን ለፋ። እንዳትወቅሺው። አንድ ቀን ሙሉ አሮጌ ጋዜጣ የሚያገላብጥ ዘመድ በቀላሉ አይገኝም።

ጋዜጣው የትኛው ነው? በዚያ ዓመት ከሆነ «ብርሃንና ሰላም» ነው ብዬ ነው የምነሳው። ማተሚያ ቤቱን ራስ ተፈሪ በ1914 አቋቋሙት። ጋዜጣው ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው እትም የወጣበት ቀን ሐሙስ ነበር፣ ከዚያም በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ይወጣ ነበር። ጣልያን አዲስ አበባ እስከገባበት እስከ 1928 ዘልቋል። ይህ ሐሙስ የሚባለው ነገር ላንቺ ትልቅ ነገር ነው። ፍለጋሽን ከአንድ ዓመት ጥራዝ ወደ ጥቂት ቅጠል ያወርደዋል።

እሑድ ያረፈ ሰው ዜና ቶሎ ቢወጣ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ያ ኅዳር 25 ነው። ግን ቶሎ ይወጣል ብለሽ አትመኚ። የዚያን ጊዜ ወሬ እንደዛሬው አይሮጥም። ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ነው። ጽሑፍ አዋቂ ተፈልጎ፣ ተጽፎ፣ ማተሚያ ቤት እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ዜናው የሚወጣው ከተዝካሩ ጋር ነው። ያረፉት በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። የአርባ ቀናቸውን ከኅዳር 21 ብትቆጥሪ ታኅሣሥ 30 ይመጣል፣ የገና ማግስት። ጾሙ ተፈቷል፣ ዝክሩ ሊደገስ ይችላል። ታኅሣሥ 30 ደግሞ በዚያ ዓመት ሐሙስ ነው።

ስለዚህ የሚታዩት እትሞች እነዚህ ናቸው። ኅዳር 25። ታኅሣሥ 2፣ 9፣ 16፣ 23 እና 30። ከዚያ ጥር 7። ሰባት እትም ብቻ ነው። ከተቻለ ጥር 14ንም ይጨምር። የአክስትሽ ልጅ ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎ ቢያገኘው እንዳይደናገር። ፲፱፻፳፫ ማለት 1923 ነው። ፳፭ ደግሞ 25።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስማቸውን ይዛችሁ ነው የምትፈልጉት። የድሮ ካህን ግን በስሙ አይገኝም። በደብሩና በማዕረጉ ነው የሚገኘው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አያትሽ እናታቸውን በአምስት ዓመታቸው አጥተዋል ብለሻል። አባታቸው ቀዳሽ ቄስ ከነበሩ፣ ሚስታቸው ስትሞት ሁለተኛ አግብተው በክህነት መቀጠል አይችሉም። ሥርዓቱ አይፈቅድም። ስለዚህ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ብዙ ጊዜ ይመነኩሳል። ቆብ ሲጭን ደግሞ አዲስ ስም ይወጣለታል። ቤተሰቡ በድሮ ስሙ ያስታውሰዋል፣ ደብሩ በአዲሱ ይጠራዋል። አያትሽ «አለቃ» እና «አባ» እያሉ ሲያፈራርቁ የነበረው በዚህ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ጋዜጣው ላይ የወጣው አንቺ ኢንተርኔት ላይ የጻፍሽው ስም አይደለም። መቶ ጥራዝ ብታገላብጡም አታገኙትም።

ስማቸው ባይለወጥ እንኳን ሌላ ችግር አለ። የኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ የሚባል ካህን በየደብሩ አለ። ጋዜጣው የአባት ስም ሳይጨምር «የእገሌ ደብር አለቃ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። አንዳንዱ ደብር ደግሞ አለቃው የሚጠራበት የራሱ ማዕረግ አለው። የአክሱም ጽዮን ንቡረ እድ ይባላል፣ የአዲስ ዓለም ማርያምም እንዲሁ። የደብረ ሊባኖስ ፀባቴ ይባላል። መልአከ ሰላም፣ መልአከ ገነት፣ ሊቀ ጠበብት፣ ሊቀ ካህናት የሚለውን ሁሉ ልታገኚ ትችያለሽ። ማዕረጉ ሲለወጥ ሰውየው የተለወጠ ይመስላል። አንድ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ዲያቆን፣ ቄስ፣ መምህር፣ አለቃ፣ አባ ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ሁሉም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብሩን ለዩ። እንጦጦ ሲባል ቶሎ የሚመጡልን ማርያምና ራጉኤል ናቸው። የትኛው ነው? እናትሽን ስትጠይቂ «የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ?» አትበያቸው። ይህን ረስተውት ይሆናል። «አያቴ የማንን ቀን ታከብር ነበር? መስከረም 1 ዕንቁጣጣሽ ለት የት ትሄድ ነበር?» በያቸው። መስከረም 1 ራጉኤል ይነግሣል። በዓመት በዓል ቤት ትተው እንጦጦ የሚወጡ ከነበር አንድ ነገር ይነግርሻል። ሰው የደብር ስም ይረሳል፣ የሄደበትን መንገድ ግን አይረሳም።

ሌላም ጠይቂ። ይቀድሱ ነበር ወይስ ማኅሌት ይቆሙ ነበር? ቤተሰብ ጥምጣም ያደረገውን ሁሉ «ቄስ» ይላል። መሪጌታ ወይም ደብተራ ቅኔና ዜማ አዋቂ ሆኖ ቄስ ላይሆን ይችላል። መሪጌታ ከነበሩ ደግሞ ምንኩስና የሚለው ግምቴ ይወድቃል፣ ሚስት የሞተችበት መሪጌታ ሌላ ሊያገባ ይችላልና። የማን የንስሐ አባት ነበሩ? ይህ በጣም ይጠቅማል። የትልቅ ሰው የንስሐ አባት ከነበሩ ስማቸው በዚያ ሰው ለቅሶ፣ በዚያ ሰው ተዝካር፣ በዚያ ሰው ኑዛዜ ውስጥ ይገኛል።

እኔ ይህን የተማርኩት የአያቴን ወንድም ስፈልግ ነው። እሳቸውም ካህን ነበሩ። ጊዜው ከነጻነት በኋላ ስለሆነ የምፈልገው የድሮውን «አዲስ ዘመን» ነበር። ስማቸውን ከነአባታቸው ወረቀት ላይ ጽፌ ሦስት ቀን ለፋሁ። ምንም የለም። አራተኛው ቀን ላይ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና የደብራቸውን ስም ብቻ እየፈለግኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከምሳ በፊት አገኘኋቸው። የሌላ ሰው ቀብር ዜና ውስጥ ነበሩ። ስለ ሟቹ ብዙ ተጽፏል። መጨረሻው ላይ ጸሎተ ፍትሐቱን የመሩት ተብለው የእሳቸው ማዕረግና ስም በአንድ መስመር ሰፍሯል። የአባት ስም የለም። ስማቸው ቤታችን በ‹ኃ› ነው የሚጻፈው፣ ጋዜጣው በ‹ሐ› አድርጎታል። በሦስቱ ቀን ያንን ገጽ ሳላስተውለው አልፌው ይሆን ብዬ እስከዛሬ አስባለሁ። ወረቀቱ ትንባሆ መስሏል። በታጠፈበት በኩል ስነካው ብናኙ ጣቴ ላይ ቀረ። ያንን አንድ መስመር ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ መቀመጥ አልቻልኩም።

ስለዚህ ለአክስትሽ ልጅ እንዲህ በይው። ርዕስ እያየ እንዳያልፍ። ካህን በትልቅ ርዕስ አይወጣም። የሹመት ዜና ውስጥ ይፈልግ፣ የቤተ ክርስቲያን ምረቃ ውስጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ፣ የሌላ ሰው ቀብር ውስጥ። በተለይ «ዐረፉ» እና «ዕረፍት» የሚለውን ቃል በዓይኑ ይያዝ። ስለ ካህን «ሞቱ» የሚል ጽሑፍ ጥቂት ነው። ፊደሉንም አይመን። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። የሁለት ቃል ስም አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ ተጋጥሞ፣ አንዴ በሕዝባር (/) አጥሮ ይገኛል። ኢንተርኔቱ ያልረዳሽም ከፊሉ በዚህ ነው። አብዛኛው የድሮ ጋዜጣችን አልተቃኘም፣ ማለትም ስካን አልተደረገም። የተቃኘውም ቢሆን ፎቶ ነው፣ በፊደል ተፈልጎ አይገኝም። ገጽ መግለጥ ግድ ነው።

የት ይግባ? አዲስ አበባ ላይ ሁለት በር አለ። አንዱ በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው። ሌላው ስድስት ኪሎ፣ በድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። አንዱ ጋ የጎደለው እትም ሌላው ጋ ሊኖር ስለሚችል ሁለቱንም ይሞክር። መታወቂያውን ይያዝ። ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ከመጀመሪያው ይጠይቅ። ከተፈቀደለት ዜናውን ብቻ ቆርጦ እንዳያነሳ። ገጹን ሙሉውን፣ ከነስሙ፣ ከነቀኑ፣ ከነቁጥሩ ያንሳ። የአያትሽ ቁራጭ ቀን ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባልለፋን ነበር።

አንቺም እዚያው ሆነሽ የምትሠሪው አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዋሽንግተን ቅርብ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የንባብ ክፍል አለው። የአማርኛ ስብስብ አላቸው። ከመሄድሽ በፊት ጻፊላቸውና የ1923 «ብርሃንና ሰላም» በወረቀትም ሆነ በማይክሮፊልም እንዳላቸው ጠይቂ። ሰባቱን ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጠሽ ስጫቸው። ኅዳር 25 ለነሱ ዲሴምበር 4፣ 1930 ነው። ከዚያ በየሰባት ቀኑ ነው። የመጨረሻው፣ ጥር 7፣ ጃንዋሪ 15፣ 1931 ይሆናል። ዓመቱ መሀል ላይ እንደሚቀየር አትርሺ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ወደ አጎትሽ እንምጣ። ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው።

የደብረ ሊባኖስ ጭፍጨፋ የደረሰው በግንቦት 1929 ነው። የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ገዳሙ ተባባሪ ነው ተብሎ ነው መነኮሳቱና ዲያቆናቱ የተረሸኑት። ጣልያኖቹ ራሳቸው ከ400 በላይ መግደላቸውን መዝግበዋል። በኋላ የተደረገው ጥናት ቁጥሩን ከዚያ በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። ይህ የብዙ ቤተሰብ ቁስል ነው። ግን 1929 ዘመነ ማቴዎስ ነው። ወሩም ግንቦት እንጂ ኅዳር አይደለም። ከአያትሽ ቃል ጋር በምንም አይገጥምም።

ይህ ማለት አጎትሽ ዋሸ ማለት አይደለም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከባዶ አያወራም። የኔ ግምት ሁለት ካህን ነበሩ የሚል ነው። አያትሽ አባታቸው ሲያርፉ ልጅ ነበሩ ብለሻል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን አሳደጋቸው? የአባታቸው ወንድም ቢሆንስ? እሱም መነኩሴ ቢሆንስ? «አለቃ» አባታቸው፣ «አባ» አጎታቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከላይ ቆብ ጭነው ይሆናል ያልኩሽም ያው ግምት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ጋዜጣው ነው። በዜናው ላይ የተረፈ ወንድም ስም ቢኖር፣ ወይም ሟቹ «አባ» ተብለው ቢገኙ፣ አንዱ ግምት ይወድቃል።

አጎትሽን ግን በስሌት አትርቺው። ደውይና «ይህን ማን ነገረህ? ስትሰማ ስንት ዓመትህ ነበር? ስማቸውን እንዴት ነበር የጠሩልህ?» በይው። የሚሰጥሽ ስም አያትሽ ከሚሉት ስም የተለየ ከሆነ፣ አንድ የጠፋ ካህን ስትፈልጊ ሁለተኛ አገኘሽ ማለት ነው። የዚያኛው ደም በከንቱ የፈሰሰ ደም ነው። እሱም ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ፍለጋው ወደ ጣልያን ዘመን ከወሰደሽ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። በእነዚያ አምስት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ይታተም የነበረው «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የወራሪው ጋዜጣ ነው። እዚያ ላይ የካህናት ስም ታገኚ ይሆናል፣ እጅ ነሡ፣ ተቀበሉ፣ ተሾሙ ተብሎ። የራስሽን ሰው እዚያ ብታገኚው ደንግጠሽ አትዝጊው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ ተረሽነዋል። ያንን ያየ ካህን ሰልፍ ውጣ ሲባል ምን አማራጭ እንደነበረው አስቢ። ጋዜጣው ማን ቆሞ እንደነበር ይጽፋል፣ ለምን እንደቆመ አይጽፍም። ቅጂውን ያዢ፣ ቀኑን መዝግቢ፣ ፍርዱን አቆዪው።

የሌላ ዘመን ሰው ለምትፈልጉ አንባቢዎችም በአጭሩ ልበል። ሰውዬው «ጳጳሱ በሞቱ ዓመት» ዐረፈ የሚል ወሬ ቤታችሁ ካለ፣ አቡነ ማቴዎስ ያረፉት በኅዳር 1919 ነው። ከነጻነት በኋላ ከሆነ «አዲስ ዘመን»ን ከ1933 ጀምሮ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆነ «ዜና ቤተ ክርስቲያን»ን አትርሱ። ከ«ብርሃንና ሰላም» በፊት ከሆነ ግን በጋዜጣ የማግኘት ዕድላችሁ በጣም ጠባብ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የነበረው «አእምሮ» ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ የነበረ ጋዜጣ ነው።

ጋዜጣው ባይገኝስ? እህቴ፣ ያኔም በር አይዘጋም። ከጋዜጣ በፊት የካህን ስም የሚጻፈው ብራና ላይ ነበር። ስንክሳር ወይም ወንጌል ሲገለጥ ባዶ ገጹና ህዳጉ ላይ ማን መጽሐፉን እንደሰጠ፣ መሬት ሲሸጥ ማን ምስክር እንደነበረ፣ በማን አለቅነት ዘመን እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ አጋማሽ ከኢትዮጵያ ጋር በተጀመረ ሥራ በማይክሮፊልም የተነሱ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ብራናዎች አሉት። ብዙውን ኢንተርኔት ላይ ተመዝግበሽ ከቤትሽ ማየት ትችያለሽ። እዚያም ቢሆን በደብር ስም ነው የምትፈልጊው። የቡልጋውን ደብር ስም ካገኘሽ ከዚያ ጀምሪ። አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩትን እሳቸውን ልታገኚ የምትችዪው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ይቆየን። የዚህ ሳምንት ሥራሽ ሌላ ነው። ወረቀቱ ከ90 ዓመት በላይ ቆይቷል፣ አንድ ወር ቢጨምር ምንም አይለውም። እናትሽ ግን 78 ናቸው። በእሑድ ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቺ። ስለ ጋዜጣው ቁራጭ አስታውሺያቸው። ምን ያህል ነበር? የእጅ መዳፍ ያክላል? ፎቶ ነበረበት? በየትኛው መዝሙር መሀል ነበር የሚቀመጠው? አያትሽ ጮክ ብለው ያነቡት ነበር? ልጅ እያሉ ተደጋግሞ የተነበበላቸው ከሆነ አንድ ሁለት ቃል አፋቸው ላይ ቀርቶ ይሆናል። «የደብሩ…» ብለው ከጀመሩ ዝም በይና አስጨርሻቸው። እኛ የጎደለን እሱ ነው።

ከዚያ የሰጡሽን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለአክስትሽ ልጅ ላኪለት። ደብሩን ከላይ፣ ማዕረጉን ከሥር፣ ስማቸውን ከሁሉም በታች። ቀኖቹንም ጻፊለት። ኅዳር 25 ላይ ባያገኝ ተስፋ አይቁረጥ። የዘውዱ በዓል ወሬ ገጹን ሞልቶት ይሆናል። ታኅሣሥ 30ን ቀስ ብሎ መስመር በመስመር ያንብበው። ጥር 7ን ሳያይ ደግሞ ጥራዙን እንዳይመልስ።